የእትዬ ሜይ ግራ እጅ

እትዬ ሜይ ያን ማክሰኞ ግራ እጃቸውን ለምን አነሱ?

ይህን መጠየቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዌሪቢ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ባቡር ላይ እጠይቃለሁ፤ ሳልወርድ መልስ አገኛለሁ፤ ስመለስ መልሱ ይፈርስብኛል። አሁን ደግሞ የምጠይቃቸው ሰው የሉም። ባለፈው መጋቢት የአረጋውያን ቡድናችን አስተባባሪ አጭር ቴክስት ላከችልኝ፤ «ሜይ ዛሬ ጠዋት አርፋለች። ለእናቶችና ለአባቶች ንገሪልኝ» ይላል። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሰላጣ የምናሽግበት መጋዘን ውስጥ፤ ጓንቴን ሳላወልቅ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። «በቃ፣ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ» የሚል ነው። በዚህ አፍራለሁ፤ ግን እንደሆነው ልጻፈው።

እትዬ ሜይ በሜልበርን መሃል ያለውን የቻይናዎች ሰፈር በእግር እያዞሩ የሚያስጎበኙ ሴት ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይበልጥም፤ እርምጃቸው ግን እኔን ያስሮጠኝ ነበር። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፤ ከቻይና በመርከብ የመጡት አያታቸው ናቸው። «እትዬ» የምትለዋን የሰጧቸው የእኛ አረጋውያን ናቸው። እኔ በእንግሊዝኛ ሳወራቸው በስማቸው ብቻ እጠራቸው ነበር፤ በአማርኛ ስጽፋቸው ግን አንቱ ካላልኳቸው እጄ አይታዘዝልኝም።

ጎብኚው ሁሉ ቀዩ በርና ፋኖሱ ስር ፎቶ ይነሳል። እሳቸው ጃንጥላቸውን እንደ በትር እያወዛወዙ፣ «ፋኖሱን ተዉት፤ ፋኖሱ ትናንት የተሰቀለ ነው። በሩን እዩ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አንዱን አሮጌ በር በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ይሄ ቁማር ቤት ነበር። ያኛው ሰዎች ተጋድመው ኦፒየም ያጨሱበት ክፍል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት፤ እዚያ የተሠራ ቁም ሣጥን ሁሉ ቻይና እንደሠራው የሚናገር ማኅተም እንዲመታበት ሕግ ወጥቶበት ነበር፤ ገዥ አውቆ እንዲሸሽ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አይቀየርም። ለማሳዘንም ለማሳመርም አይሞክሩም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። በወረቀት ያነበቡትን ወይም በዓይናቸው ያዩትን ሲናገሩ ቀኝ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ያነሳሉ። ሰው ብቻ የነገራቸውን ሲናገሩ ግራቸውን። ጉብኝቱ ሲጀመር አንዴ ያስረዱታል፤ ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ማየት የእኛ ፋንታ ነው። «ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግን አይቀላቀሉ» ይሉ ነበር። የማያውቁት ነገር ሲጠየቁ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው ይቆማሉ። አንድ አስጎብኚ በሰው ፊት እንዲህ ሲቆም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

የተዋወቅነው እንግሊዝኛ የምማርበት ክፍል ለጉብኝት የወሰደን ቀን ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እዚሁ አገር፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ባንድ ክረምት። ዘግይቶ የተማረ ሰው በተጻፈ ነገር ላይ ጨካኝ ይሆናል፤ እኔም እንዲያ ነኝ። ስለዚያ ሰፈር ላይብረሪ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ አነበብኩ፣ በመዝገበ ቃላት እየተደገፍኩ። እትዬ ሜይ ቁማር ቤት ነው እያሉ ቀኝ እጃቸውን የሚያነሱበት አንድ በር ግን በመዝገቡ የጫማ መጋዘን ነበር። ፎቶ ኮፒ አድርጌ ወሰድኩላቸው። እዚያው መንገድ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አላመሰገኑኝም፣ አልተቆጡኝምም። በሚቀጥለው ጉብኝት ግን እዚያ በር ጋ ሲደርሱ ግራ እጃቸውን አነሱ፤ «ይህ ታሪክ ሃያ ዓመት በቀኝ እጄ ነበር። ይህች ሴት ወደ ግራ አዛወረችብኝ» ብለው በጃንጥላቸው ጫፍ አመለከቱኝ። ያን ያህል የተከበርኩበትን ቀን አላስታውስም።

አረጋውያኖቻችንን ሳመጣላቸው እንዳስተረጉም የጠየቁኝም በዚሁ ምክንያት ነው። «አንቺ ካልሽ አምናለሁ» አሉኝ። ይህችን አነጋገር ያዙልኝ።

በየሁለት ወሩ ማክሰኞ እንሄድ ጀመር፤ ግማሹ ከኮሊንግዉድ ፎቆች፣ ግማሹ ከታርኔት ከልጆቹ ቤት የሚመጣ፣ አብዛኛው የወሎ ሰው። አለቃው ጋሼ ሰይድ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ባለታክሲ።

«ሴትዮዋን እኔ ነኝ የማስጎበኝሽ በያት» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው እዚህ ሳወርድ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ይሄ በር ምን ነበር?» ብለው እትዬ ሜይ አንዱን በር አንኳኩ።

ጋሼ ሰይድ በሩን አዩት፣ እኛን አዩን። «ዲያ! እዚህ በር ነበር እንዴ?»

ጥቂት አለፍ ብለን የተጠበሱ ዳክዬዎች በመስኮት የተሰቀሉበት ሱቅ ጋ ስንደርስ ደግሞ፣ «ጠይቂልኝ እስቲ፤ ይቺ ዳክዬ ስትታረድ ቢስሚላህ ተብሎባታል?» አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አፈርኩ፤ ግን የተባለውን አስተረጎምኩ። እትዬ ሜይ አልሳቁም። ጃንጥላቸውን አጥፈው ሱቁ ውስጥ ገቡ፣ ከባለቤቱ ጋር ረዘም ያለ ወሬ አወሩ፣ ወጡ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«አልተባለባትም።»

«ወላሂ፣ ይቺ ሴት ለፍርድ ቤት ምስክርነት ነው የተፈጠረችው!» አሉ ጋሼ ሰይድ። ከሚቀጥለው ጉብኝት ጀምሮ እትዬ ሜይ ገና ከካርቶኑ ያወጡትን ፔርሙዝና የወረቀት ስኒ ይዘው ይመጡ ነበር። ሻዩን ከመቅዳታቸው በፊት ቀኝ እጅ ይነሳል፤ «ይህ ፔርሙዝ አሳማ አያውቅም።»

ሌላ ቀን፣ በዱሮው ዘመን በዚህ ወደብ በሚወርድ ቻይና ላይ ቀረጥ ስለተጣለ መርከቦቹ ራቅ ባለ ወደብ እንዳወረዷቸውና ሳምንታት በእግር ተጉዘው ወርቅ የሚቆፈርበት ቦታ እንደደረሱ ነገሩን። ጋሼ ሰይድ ሱዳን የገቡት በእግራቸው ነው። «ውሃስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃ ከየት ያገኙ ነበር?» እትዬ ሜይ ሁለት እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ወደ ጋሼ ሰይድ ሄደው ቀኝ እጃቸውን አነሱና «ጉድጓድ እየቆፈሩ» አሉ። ጋሼ ሰይድ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ቀኑን ሙሉ አልቀለዱም።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። እኔም ያታለልኩት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

እትዬ ዘይነባ የኮምቦልቻ ሴት ናቸው፤ ኮሊንግዉድ፣ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ቶይባ ታርኔት ናት። ወንዱ ልጃቸው እንድሪስ ጅዳ ነው። አባቱ ሲቀበር ሳይመጣ በመቅረቱ በስልክ አንድ ክፉ ቃል ተናገሩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ጠፋ። በየዓርቡ ከሶላት በኋላ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ይልኩለታል። መልእክቱ ይደርሰዋል። የላኩለት ሰው ሲያዳምጠው አጠገቡ ያለችው ትንሽ ማይክራፎን ሰማያዊ ትሆናለች። እትዬ ዘይነባ የዓይን ሞራ አለባቸው፤ ከሩቅ ሰው ይለያሉ፣ ያችን ምልክት ግን አያዩም። ስለዚህ ስልኩን ለእኔ ይሰጡኛል። «ተመልከችልኝ፤ ሰምቶታል?» አምስት ዓመት ሙሉ «አልሰማውም፣ እትዬ» ስል ነው የኖርኩት። አንድም ቀን አልዋሸሁም። ዓለምን በዚህ ነበር የምመዝነው፣ ባለመዋሸቴ።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ሊፍቱ ውስጥ እንደተለመደው አየሁላቸው። «አልሰማውም።»

«እንግዲህ ይበቃኛል» አሉ። «ድንጋይ ነው የማናግረው። ቶይባም ዑምራ ካልወሰድኩሽ ትለኛለች፤ አልሄድም አልኳት። አውሮፕላኑ ጅዳ ነው የሚያርፈው። ልጄ ባለበት አገር ወርጄ ልጄን ሳላይ? አልችልም፣ ሐዊዬ።»

ከሰዓት በፊት ከጀርባ ያለ አንድ መተላለፊያ ውስጥ ገባን። እትዬ ሜይ በሩን አንኳኩ። እዚህ የነበረው ሱቅ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፍ፣ ከአገር የመጣላቸውንም ይቀበል ነበር አሉ። አያታቸው አናጢ ነበሩ። መንደራቸው ውስጥ ሚስት ትተው መጥተው እዚህ ሌላ አገቡ። የመንደሯ ሚስት መጻፍ አትችልም፤ ሰው እያስጻፈች እስክትሞት ላከች። አያታቸው አንድም ቀን አልመለሱላትም። ሲሞቱ ደብዳቤዎቹ በክር ታስረው የመሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ተገኙ። ቀኝ እጅ። «እኔ ቤት አሉ።»

እያንዳንዷን አስተረጎምኩ። እትዬ ዘይነባ ወደፊት መጡ።

«ጠይቂልኝ» አሉኝ። «አንብቧቸው ነበር?»

ጠየቅሁ። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ እትዬ ሜይ ጃንጥላቸውን እየከፈቱ መለሱ።

«አንዱም አልተከፈተም።»

በእንግሊዝኛ አራት ቃል ነው። በአማርኛም አጭር ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የእትዬ ዘይነባን ፊት አየሁ፤ ሊፍቱ ትዝ አለኝ።

«ሁሉንም አንብቧቸዋል» አልኩ። «በእጥፋታቸው ላይ ሳስተው ነበር፣ ደጋግሞ ከማንበቡ የተነሳ።»

እንዲያውም ጨመርኩበት። ያ ነው የማይገባኝ። ለመዋሸት እንኳ ዝርዝር አስፈለገኝ።

እትዬ ዘይነባ በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ። አፍሮ ነው እንጂ ሰምቷታል።» ሴቶቹ ከበቧቸው። ያኔ ነው እትዬ ሜይ እኔን ያዩት፣ ከዚያ እትዬ ዘይነባን፣ እንደገና እኔን። ከዚያ ግራ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አነሱ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እጁ እዚያው ቆየ።

አማርኛ አይችሉም። «እሺ» እና «ቡና»ን ብቻ ነው የሚያውቁት። ምናልባት ቀኛቸው ጃንጥላ ስለያዘ ነው፤ «የተናገርኩት እርግጥ ነው» ለማለት ፈልገው ነጻ የነበረው ግራው ሆኖ ነው። ምናልባት የራሳቸው ታሪክ አጠራጥሯቸው ነው። ግን ደብዳቤዎቹን በእጃቸው ይዘዋል! ወይስ ያልተከፈተ ደብዳቤ የሰው ፊት እንዲህ እንደማያበራ አውቀው ነው? ሻይ ሲቀዱልን ስኒውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝና «ዛሬ ደክሞሻል» አሉኝ። በሚቀጥለውም ጊዜ እንዳስተረጉም ጠሩኝ። «አንቺ ካልሽ አምናለሁ» የምትለዋን ግን ዳግመኛ አልሰማኋትም። ጠብቄያት ነበር።

እትዬ ዘይነባ ዑምራ ሄዱ። የበረራውን ቀንና ሰዓት በድምፅ ላኩለት፤ ቶይባ በኋላ ነው የነገረችኝ። ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ መውጫው ጋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዙሁር እስከ መግሪብ ጠበቁ። ቶይባ ብትለምን ብታለቅስ አልነሳም አሉ።

«ሐዋ፣ ግን ማነው ይሄን ተስፋ ያጠጣት?» አለችኝ ቶይባ በስልክ። «"ይሰማኛል፣ አፍሮ ነው" ትለኛለች። ማነው እንዲህ ያላት?»

«እንጃ» አልኩ።

ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ሦስተኛው «ሺፍቴ ተቀይሮብኛል» ነበር። እትዬ ዘይነባ በደወሉ ቁጥር ይህን እያልኩ ኮሊንግዉድ መሄድ ተውኩ። እሳቸውም ጉልበታቸውን አሟቸው ከጉብኝቱ ቀሩ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ያ ቴክስት መጣ።

ለጋሼ ሰይድ ስደውልላቸው፣ «መቼ ነው ለቅሶ የምንደርሰው?» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ቡክ ሳያደርጉ፣ ቀጠሮ ሳይዙ፣ ሰው ቤት አይኬድም።»

«ለቅሶ ቡክ ይደረጋል?»

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሰይድ ሚኒባስ ተከራይተው፣ እትዬ ዘይነባም ጭምር፣ አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። አድራሻውን ያገኘሁት ከአስተባባሪዋ ነው፤ እንደምንመጣ ግን ለእትዬ ሜይ ልጅ የነገራት የለም። ሊን ትባላለች። በሩን ስትከፍት በነጭ ነጠላና በሻሽ የተሞላ ደጃፍ አየች፤ የጋሼ ሰይድ እጅ ላይ ትልቅ ትሪ ሳምቡሳ፣ የእኔ እጅ ላይ ሁለት ፔርሙዝ። እኔ ማብራራት ሳልጀምር አረጋውያኑ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ደግነቱ ያም ቤት ጫማ የሚወለቅበት ነው። ሶፋው ሲሞላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

ሊን ወደ ኩሽና ጎተተችኝ። «ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ምንም። አብረውሽ ሊቀመጡ ነው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪበቃቸው።»

ግራ ገብቷት ተመለሰች፤ መሃላቸው ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ አንዷ እናት እጇን ያዘቻት፤ ሊን ማልቀስ ጀመረች። አለቀሰች፣ አለቀሱ። ሲበርድላት ጋሼ ሰይድ ሳምቡሳውን አቀረቡና ቀኝ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አነሱ። «ይህ አሳማ አያውቅም በያት።» ገና ሳልተረጉም ሊን ሳቀች። እጁን አውቃዋለች።

ኩሽና ውስጥ ሳለን ጠይቄያት ነበር፤ እናትሽ ግራ እጃቸውን የሚያነሱበት ሌላ ምክንያት ነበር ወይ ብዬ። አሰበችና፣ «ቀኝ ትከሻዋን በብርድ ያማት ነበር» አለችኝ። ይኸው፣ ሌላ መልስ። እሱም ባቡር ላይ የሚፈርስ።

ከዚያ ሊን የሚታይ ነገር ላምጣላችሁ ብላ ሄደች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ተመለሰች። ጨርቁን ሳትፈታው በፊት ምን እንደሆነ አወቅሁ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸው ባያይ ጣታቸው ያያል።

«እትዬ፣ ከመንካትዎ በፊት» አልኩ። «አልተከፈቱም። እትዬ ሜይ ያን ቀን ያሉት አንዱም አልተከፈተም ነው። አንብቧቸዋል ያልኩዎ እኔ ነኝ። ጅዳ ያስቀመጥኩዎ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ሰይድ የጎረሱትን ማኘክ አቆሙ። ሊን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ታያለች።

«ግራ እጇን አንስታ አልነበረ እንዴ?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«አይተው ነበር?»

«ምኑ ይጠፋኛል? እጅ እኮ ነው፣ የስልክ ምልክት አይደለም።»

«ታዲያ ጅዳ ለምን ጠበቁት?»

«በግራ እጅም ቢሆን፣ ደግ ወሬ የሰማሁት ያን ብቻ ነበር። ባልጠብቀው ነበር የሚቆጨኝ።» ጥቅሉን ከሊን ተቀበሉ፤ የታሸጉትን የፖስታ ጠርዞች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። «ለውሸትሽ አልተቀየምኩሽም፣ ሐዋ። ስለጠፋሽ ነው። ዓመት ሙሉ ስልኬን የሚያይልኝ አጣሁ። ቶይባን አልጠይቃት፣ ታለቅስብኛለች።»

«አውፍ ይበሉኝ» አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ደብዳቤዎቹን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከሻሻቸው ሥር ስልካቸውን አወጡና ዘረጉልኝ።

«በይ ተመልከችልኝ። ቀኝ እጅሽን አንስተሽ ንገሪኝ።»

ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ላይ ገፋሁት። የአንድ ዓመት ዓርብ ሁሉ አለ፤ አንድም አልዘለሉም። ማይክራፎኖቹ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ናቸው። ሁለት ጊዜ አየሁት። ከዚያ በሊን ፊት፣ በአረጋውያኑ ፊት፣ ቀኝ እጄን እስከ ትከሻዬ አነሳሁ።

«አንዱንም አልሰማም፣ እትዬ።»

እትዬ ዘይነባ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«እሺ» አሉ። «ሰማሁሽ።»